ለአሥር ልጅ የሚከፈተው ጠርሙስ

ለተከበሩ የጤና ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የባለቤትዎና የልጆችዎ፣ በተለይም የልጅ ልጆችዎ ጤናስ? እንደሰማሁት ሁሉም ደህና ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ ይህን ያለ አሽሙር ነው የምጽፈው፣ ልጅ ደህና ሲሆን የሚከፋው ሰው የለምና። እኔም ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በአስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ አጥር ሥር አንድ እግሯ የሚወላገድ ጠረጴዛ ዘርግቼ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ «በታላቅ አክብሮት» የሚለው ሐረግ ሳላስበው ከእጄ ያመልጣል፤ እዚህም ውስጥ ካገኙት የልማድ ነው ብለው ይለፉት። በዚሁ ጉዳይ ከአሁን በፊት ሁለት ጊዜ ጽፌልዎ ሁለቱም ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው ማኅተም ተመቶባቸዋል። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ አጣሁ። ሦስተኛውን ማንም እንዲያነበው ግልጽ አድርጌ የጻፍኩት፣ ከሚያነቡት መካከል ምናልባት እርስዎም ይገኙ እንደሆነ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ኩፍኝ ክትባቱ ጠርሙስ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ፦ አንዱ ጠርሙስ አሥር ልጅ ይከትባል፤ አንዴ ከተከፈተ ግን ስድስት ሰዓት ብቻ ቆይቶ የተረፈው ይደፋል። የተደፋው በቢሮዎ ቋንቋ «ብክነት» ይባላል። የጤና ኬላችን ነርስ አምና ለአራት ልጆች ብላ ጠርሙስ ከፍታ የስድስት ልጅ ክትባት በመድፋቷ ከቢሮዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። ደብዳቤውን አሳይታኛለች፤ እንደ ባለሙያ ስመሰክር አጻጻፉ እንከን የለበትም። ከዚያ ወዲህ አሥር ልጅ ፊቷ ካልተደረደረ ጠርሙስ አትከፍትም። አልፈርድባትም፤ እሷም የልጆች እናት ናት፣ የምትኖረውም በዚሁ ሥራዋ ነው።

ሁለተኛ፤ ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ነበሩኝ ልበል። በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት። አንዷ የወንድ ልጄ ልጅ ስትሆን የምትኖረው እርስዎ ካሉበት ከተማ ነው። ዘጠኝ ወር በሞላት ዋዜማ ከጤና ጣቢያው ተደውሎ እናቷ «ነገ እንዳትረሺ» ተባለች። እናቷም በማግሥቱ በምሳ ሰዓቷ ከቢሮ ወጥታ፣ ልጅቷን አስከትባ፣ ምሳዋንም በልታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጅቷ ስላለቀሰች ፊኛ ተሰጥቷታል። ስንት ሆናችሁ መጣችሁ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ፊኛው ቀይ እንደነበር ልጄ በስልክ ነግሮኛል።

ሁለተኛዋ ጉንጬ ናት። ስሟ ሌላ ቢሆንም ጉንጯን አይቶ በስሟ የሚጠራት ስላልነበረ እኔም ጉንጬ እላታለሁ። እናቷ ሴት ልጄ ናት፤ ከቤቷ እስከ ጤና ኬላው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ያውም ወንዙ ካልሞላ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሦስቱ ረቡዖች። እኛ ዘንድ ክትባት የሚሰጠው ወር በገባ በመጀመሪያው ረቡዕ ብቻ ነው። በአንደኛው ረቡዕ ሰባት ልጆች ተገኙ፤ እስከ ቀትር ተጠብቆ ሰባቱም ወደየመጡበት ተመለሱ። ለሁለተኛው ሴቶቹ መከሩ። ቤት ለቤት ዞረው ያልተከተበ ልጅ ለቀሙ፣ «አሥር መሙላት» የሚባል አዲስ ሥራም በመንደራችን ተጀመረ። ዘጠኝ ላይ ሲቆምባቸው አፈ ጮሌ የምንላት የልጄ ጎረቤት የተከተበ ወንድ ልጇን የሴት ቀሚስ አልብሳ አሥረኛ አድርጋ አቀረበችው። ነርሷ አገጩን ቀና አድርጋ አየችውና «አንቺ፣ ይሄንን እኮ በእነዚህ እጆቼ ነው ያዋለድኩት!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ወረፋ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌም «እንግዲያው እኔን ቁጠሩኝ፣ ጥርስ እንደሆነ የለኝም» ብለው ነበር፤ ተቀባይነት አላገኙም። ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ዘጠኙም ልጆች ሳይከተቡ የመጡበትን መንገድ ያዙ።

በሦስተኛው ረቡዕ አሥር ሞላን። የእውነት አሥር፣ ያለ ቀሚስ። ያን ቀን የቀረው ጠርሙሱ ነበር። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን የምታመጣው መኪና ስብሰባተኛ ለማመላለስ ተፈልጋ ሄዳ ነበር አሉን። የስብሰባው ርእስ «ክትባትን ለገጠር ሕፃናት ማድረስ» እንደነበር በኋላ በሬዲዮ ሰማሁ፤ በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁም ስለተገለጸ እንኳን ደስ ያለዎት።

አራተኛው ረቡዕ ሳይደርስ ኩፍኙ ደረሰ። እሱ አሥር እስኪሞላ አልጠበቀም። ጉንጬን በመጀመሪያው ሳምንት ያዛት፤ ትኩሳቷ አልበርድ ብሎ ትንፋሽ ሲያጥራት ነርሷ ወደ ከተማ እንድንወስዳት የሪፈር ወረቀት ጻፈችልን።

አራተኛ፤ ስለ ሆስፒታልዎ አመሰግናለሁ። ውብ ነው። የሕፃናት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ዝሆን ተስሏል፣ ኦክስጅንም አለ፣ አልጋውም ንጹሕ ነው። ይህ ሁሉ ለካ ነበረ ብዬ ተደነቅሁ። ወጣቱ ሐኪም ሌት ተቀን ሳይል ደክሟል፤ ውለታውን አልረሳም። የክትባት ካርዷን ባየ ጊዜ ግን ሴት ልጄን «ለምን አላስከተብሻትም?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «አሥር አልሞላንም» አለችው። የገባው አልመሰለኝም። ቅጹ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «የእናት ቸልተኝነት» ብሎ ሲሞላ እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ የሰው ጽሑፍ አሻግሮ ማንበብ የሙያ አመሌ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል እንዲህ ነው። አንድ ልጅ አዝላ በሦስት ወር ውስጥ አሥራ ስምንት ሰዓት የተጓዘች ሴት ቸልተኛ ከተባለች፣ ትጉሕ የምትባለዋ እንዴት ያለች እንደሆነች ቢያሳውቁን እንማርባት ነበር።

ጉንጬ በገባች በሦስተኛው ቀን ሞተች። አንድ ዓመት ከአምስት ቀን ሆኗት ነበር። አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም፤ ከሁሉ በላይ ግን ደክሞኛል።

ከቀብሩ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ አጥኚ ቡድን መጣ። ጥያቄ ጠይቀው፣ ፎቶ አንስተው፣ «አንድም ሕፃን አይቀርም» የሚል ካናቴራ አድለውን ሄዱ። ክትባት ይዛችኋል ወይ ብንላቸው የመጣነው ለጥናት ነው አሉ። በዚያው ወር ጤና ኬላችን «በክትባት ብክነት ቅነሳ አርአያ» ተብሎ በእርስዎ ፊርማ የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ ግድግዳው ላይ ከልጆች ሚዛን በላይ ተሰቅሏል። ይገባዋል፤ በዓመቱ አንድ ጠብታ አልተደፋም። ጉንጬ በሪፖርቱ በየትኛው ዓምድ እንደገባች ግን ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

አምስተኛም ቅሬታ ነበረኝ፤ ነገር ግን ከአራት ቅሬታ በላይ ያዘለ ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ሲነበብ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ አላየሁምና ትቼዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ድካምዎን ለመቀነስ ረቂቁን ራሴ አዘጋጅቼልዎታለሁ፦ «ለጤና ኬላው ነርስ፤ አንድ ልጅ እንኳ ቢመጣ ጠርሙሱን ክፈቺ፤ ለሚደፋው የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ፊርማዎ ብቻ ነው የቀረው።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ስብሰባዎ እንዲሰምር፣ የልጅ ልጆችዎም ለወግ ለማዕረግ እንዲበቁልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት (ይኸው አመለጠኝ) እሰናበታለሁ።

የአጥር ሥሩ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የጉንጬ አያት

ግልባጭ፦
ለጤና ኬላችን ነርስ (አይደንግጡ፣ ማስጠንቀቂያ አይደለም)
ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ መጪው ረቡዕ የክትባት ቀናችን ነው። ያልተከተቡትን ልጆች ቆጥሬያቸዋለሁ፤ ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛዋ የት እንዳለች ከላይ ጽፌልዎታለሁ። ደብዳቤዎ እስከዚያ የማይደርስ ከሆነ ከልጅ ልጆችዎ አንዱን ለአንድ ጠዋት ብቻ ያውሱን። የተከተበ ስለሆነ አይወጋም፣ አሥረኛ ሆኖ ይቆጠርልን እንጂ፤ ነርሷም ስላላዋለደችው አታውቀውም። የመንገዱ ነገር አያሳስብዎት፣ አንድ እርምጃ አይራመድም። ልጄ ታዝለዋለች፤ ጀርባዋ ባዶ ነው።