የአማቴ በልዲ

ውድነሽ፣ ዛሬ ከባለቤቴ አገር፣ ከሪፍ ተራራ የምጽፍልሽ ደረቴን ነፍቼ ነው።

እዚህ ለመድኃኒት የምንዘራው ካናቢስ እንደ ዶሮ ነው፤ የአበሻ አለው፣ የፈረንጅ አለው። የአገሩን፣ አያቶች ከዓመት ዓመት እየመረጡ ያቆዩትን፣ «በልዲ» ይሉታል። የፈረንጁ ድቅል አበባው ትልቅ ነው፣ ውኃ ግን አይጠግብም። ዘንድሮ ጉድጓዱ ሁሉ ሲደርቅ ድቅሉ ጠወለገ፤ የአማቴ ሚሙንት በልዲ ግን ሳይጠጣ ለምልሟል። «የአሮጊት ሣር» እያለ ሲያሾፍባት የኖረው ጎረቤታችን ሙሐንድ ዛሬ ዘር ሊለምናት መጣ።

«የምኑን ዘር?» አለችው።

«የበልዲውን፣ እማማ።»

«አልሰማሁም። ጆሮዬም እንደ ሣሬ አርጅቷል።»

መንደሩ እስኪሰማ አስጮኸችውና ከረጢቱን ጢም አድርጋ ሞላችለት።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ባልሽንም፣ በአበሻ ዶሮዎችሽ መሳቁን ሲተው።

ፀዳለ