ኮፈኑ ላይ የቀረው ዘይት

ሰኞ

እማዬ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ተነስታ መሰከረች። «ጌታ ለልጄ ሥራ ሰጣት» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልል አለ፤ ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። እኔ እኮ ሥራ የለኝም! ያለኝ አንድ የድሮ መኪና እስኪሸጥ የሚቆይ ጊዜያዊ ነገር ነው። መኪናውን የሚሸጠው አለቃዬ ሪክ አልደበቀኝም። ከተሸጠ እቀጥላለሁ፤ ካልተሸጠ ለእኔ የሚከፍለው የለውም።

ቤት ስንገባ «እማዬ፣ ገና እኮ ነው» አልኳት።

«በእምነት ነው የመሰከርኩት» አለች። አለቀ። እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ክርክር የለም።

ቀኑን ሙሉ የመኪናውን ማስታወቂያ ስጽፍ ውዬ አሁንም ስለ እሱ መጻፍ ያምረኛል። ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ በዕድሜ እማዬን ይበልጣል። ቁመቱ ወገቤ ጋ አይደርስም። ሞተሩ ከወንበሮቹ ኋላ ነው። እንደሱ ያሉ በዓለም ላይ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። ድሮ ቀይ ነበር፤ አሁን ደብዝዞ የሸክላ መልክ አምጥቷል። የድሮ መኪና ሰብሳቢዎች የሚያብዱለት ደግሞ ለዚሁ ድብዛዜ ነው፦ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም ያልደገመው፣ ማንም ያልወለወለው ቀለም። ሪክ «በጨርቅ እንኳን እንዳትነኪው» ብሎኛል። አቧራውን በላባ መጥረጊያ ብቻ። ማርኬቲንግ ተመርቄ ላባ ይዤ መኪና እዞራለሁ። ግን ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ አንድ ሰብሳቢ ከቴክሳስ ሊያየው ይመጣል። ይግዛው፣ ይግዛው፣ ይግዛው።

ማክሰኞ

ስድስት ኢሜይል መለስኩ። አንዱ በጀልባ ልለውጣችሁ ይላል።

እማዬ «የጸለይኩለትን ነገር ልየው» ብላ ያዘችኝ። መኪናዋ ጋራዥ ስለገባች የሚያመጧት ጋሽ ተወልደ ናቸው። ፒዮሪያ ስትሪት እኛ አፓርትመንት ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ሰው ኤርፖርት ያመላልሳሉ። አስመራ ልጅ ሆነው የተማሩት አማርኛ ከእኔ አማርኛ ይሻላል። ስለ መኪናው ስነግራቸው «ጣልያን የሠራው መኪና ሳይሞት እዚህ ደረሰ? ምን እያበላችሁት ነው?» አሉኝ።

ረቡዕ



ሪክ ባንክ ሄዶ ነበር። እማዬ ለሪክም ሳይቀር ምሳ ቋጥራ መጣች። እንደ አስጎብኚ ሆኜ አስረዳኋቸው፤ ጋሽ ተወልደ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አይተው «ወንበር ነው ወይስ ጫማ?» አሉ፤ ሳቅን። ስልክ ሲጮህ ቢሮ ገባሁ። ስወጣ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ትጸልይ፣ ምን ችግር አለው ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት።

ከሄዱ በኋላ ፀሐይ በማሳያ ክፍሉ መስኮት ገባች። ኮፈኑ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ደማቅ ቀይ ሆኗል። ገና ትናንት የተቀባ ይመስላል። የቀረው ኮፈን ሁሉ ሸክላ፣ እሱ ብቻ ደም።

ደወልኩ። «እማዬ፣ ኮፈኑን ነካሽው?»

«ቀባሁት እንጂ አልነካሁትም።»

«በምን?»

«በዘይት ነዋ! የተጸለየበት ነው።»

ከጎኗ የጋሽ ተወልደ ድምፅ ተሰማኝ፤ እየነዱ ነው። «እኔ ነግሬያታለሁ! ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው፣ አንቺ የቀባሽው ባዶውን ነው ብያታለሁ።»

ሐሙስ

አልደረቀም። ትናንት ስለ መኪና ቀለም ሳነብ አመሸሁ፤ ያረጀ ደረቅ ቀለም ዘይት ይጠጣል። ልጥረገው ብል ቀለሙም አብሮ ይነሳል። ባየሁት ቁጥር የሰፋ ይመስለኛል። ሰፍቶ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?

ማድረግ የምችለው፦ ዝም ማለት። መናገር። አሞኛል ብዬ መቅረት። መኪናውን አዙሬ ብርሃን በማያገኘው በኩል ማቆም (ማርሽ መቀየር አልችልም፤ ቁልፉም ሪክ ጋ ነው)።

ለሪክ ነገርኩት። ኮፈኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ አየው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሲነሳ «ቅዳሜ ለሰውዬው የምታስረጂው አንቺ ነሽ» ብሎኝ ወጣ።

እማዬ መጥታ ሪክን ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች። እንዳትመጪ አልኳት። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» ብላ አለቀሰች። ልቆጣት አሰብኩ፣ አልሆነልኝም። ምን ብዬ ልቆጣት?

ዓርብ

የሚደረግ ነገር የለም። በላባዬ ዙሪያውን ጠረግኩ፣ እሷን ቦታ ዘለልኩ።

እማዬ ጾማ ዋለች። እኔም ምንም አልበላሁም፤ የእኔ ግን ጾም አይባልም።

ቅዳሜ

ሰብሳቢው ሽማግሌ ነው፣ ቀጭን፣ የራሱን የእጅ ባትሪ ይዞ የመጣ። መሬት ላይ ተኝቶ ሥሩን ሁሉ አየ። በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ እንደገና ከፍቶ ዘጋ፤ ድምፁን ያዳምጣል። ከዚያ ኮፈኑ ጋ ደረሰና ቆመ። ሪክ ወደ እኔ ዞረ።

ሌሊቱን ያጠናሁት እንግሊዝኛ በሙሉ ጠፋኝ። «እናቴ ጸልያበት ነው፤ በዘይት» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «የጸለየችው ለማን ነው፣ ለሻጩ ወይስ ለገዢው?»

«ለእኔ» አልኩ።

አልሳቀም። ባትሪውን ወደ ነጥቡ አስጠግቶ ቆየ፤ ሞተሩን ሲያይ እንኳን እንዲህ አልቆየም። ሞተሩ ይነሳ አለ፤ ተነሳ፤ ደረቴ ውስጥ ድረስ ተሰማኝ። አመስግኖን «አስቤ እደውላለሁ» ብሎ ሄደ።

ሪክ መብራቱን እያጠፋ «እንዲህ የሚሉት አይደውሉም» አለ። ሰኞ ነይ ወይም አትምጪ አላለኝም። እኔም ሳልጠይቀው ላባዬን ቦታው መልሼ ወጣሁ።

እሁድ

ፓስተሩ «ምስክርነት ያለው?» ሲሉ እማዬን አየኋት። እጇ ጭኗ ላይ ቀረ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴን በላችው።

ፓርኪንጉ ውስጥ እያለን ሪክ ቴክስት አደረገ። «ሰውዬው ደውሏል። እናትሽ የቀባችው ምን ዓይነት ዘይት ነው ይላል።» ሌላ ምንም የለውም። ይገዛዋል? ሊያስለቅቀው ነው? ዋጋ ሊያስቀንስበት ነው? ወይስ ያ ቀይ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነው? መልሼ ጠየቅኩት። «እኔም አላውቅም» አለ።

ለእማዬ አነበብኩላት።

«የወይራ ዘይት ነው፤ ፒዮሪያ ካለው ሱቅ የገዛሁት» አለች። ትንሽ አሰበችና «ግን የሚሠራው ዘይቱ አይደለም በይው» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ትንሿን ጠርሙስ አወጣች፤ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ የቀረውን አየች።

«ግማሽ አለ። ለሰውዬው ይበቃዋል?»

የዘይቱን ዓይነት ብቻ ጽፌ ላክሁ። እስካሁን መልስ የለም። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እማዬ ጠርሙሱን አምጥታ አጠገቡ አቁማዋለች።