ስለ ተቋረጠው ሟች

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የፕሮግራም ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ፣ ጤናዎስ፣ ወንበርዎስ እንደምን አለ? እኔ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ዛፍ ሥር ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ የሰውን አቤቱታ ስጽፍ የኖርሁ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ይርሳው ጋሹ ነኝ። ከቡሬ የመጣ የወሰን ክርክር፣ ከጅጋ የመጣ የፍቺ ጉዳይ በእጄ ያላለፈ የለም። በገዛ ስሜ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ብዕሬ ቢደናቀፍ ይታገሡኝ። የጣቢያዎን ስም ያልጠራሁትም በክፋት አይደለም፤ ማስታወቂያ በነጻ መሥራት በእናንተ ዘንድ ነውር መሆኑን ስለማውቅ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። እሁድ እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት «ተዝካሬስ?» የተባለውን አስቂኝ ድራማ ስላሳያችሁን እግዚአብሔር ይስጥልን። ላላየው አንባቢ ስል ነገሩን ባጭሩ ልናገር፦ አያ ቢሆነኝ የሚባል ገበሬ ይሞታል። ወንድሙ የአርባ ቀን ተዝካሩን በማውጣት ፈንታ ለድግሱ የታሰበውን በግ ብቻውን ይበላዋል። ሟቹም መሄጃ አጥቶ እቤቱ ይቀራል፤ ከሚስቱ በቀር የሚያየው የለም። የወንድሙን ጫማ ይደብቃል፣ የድስቱን ክዳን እያነሣ ያሸትታል፣ መብላት ግን አይችልም። ከሁሉ የሚያስቀው ማስነጠሱ ነበር። ሞቶም ብርድ አልለቀቀውምና፣ ባስነጠሰ ቁጥር ድምፁን የሰማ ሁሉ ዞር ዞር ብሎ እንደ ደንቡ «ይማርህ» ይላል። እሱም ወደ ጣራው አንጋጦ «እሱንማ እየጠበቅሁ ነው!» ብሎ ይመልሳል።

ባለቤቴ ሀብትነሽ በዚህች ቃል በሳቅ ትፈርስ ነበር። ልቧ ደክሞ፣ ሐኪሞቹም እቤቷ ትረፍ፣ አታስጨንቋት ካሉን ወዲህ፣ ሳቋን የማየው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአርባ ደቂቃ ብቻ ሆነ። በአዘቦቱ ቀን አስነጥሷት «ይማርሽ» ስላት፣ ከትራሷ ላይ ሆና ጣራ ጣራውን እያየች «እሱንማ እየጠበቅሁ ነው» ትለኝ ጀመር። በእኛ አገር ለሚያስነጥሰውም፣ ለታመመውም፣ ለሞተውም ቃሉ ያው አንድ ነው። የትኛውን እንደምትጠብቅ ጠይቄያት አላውቅም፤ ፈርቼ ነው።

የንስሐ አባታችን ቄስ ባዬ እንኳ፣ በተዝካር አይቀለድም ብለው ሊገሥጹን መጥተው፣ ቆመው የጀመሩትን ተቀምጠው ጨረሱት። ሲወጡም ጉዳዩን ጠለቅ ብለው ለመመርመር በሚቀጥለው እሁድ እንደሚመለሱ ነገሩን።

እንግዲህ ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

1ኛ. አስተዋዋቂያችሁ በየክፍሉ መጨረሻ «የሳምንት ሰው ይበለን» ትል ነበር፤ ሀብትነሽም ከአልጋዋ ሆና «አሜን» ትላለች። ቴሌቪዥኑ አይሰማሽም ብላት፣ ምርቃት ዝም ተብሎ አይታለፍም ብላ ተቆጣችኝ። አሥራ ሁለተኛው ክፍል፣ አንድ ብቻ ሲቀር፣ ወንድምየው በግ እየጎተተ ወደ ደጁ ሲመጣ አለቀ። «የሳምንት ሰው ይበለን» ተባለ፤ እሷም አሜን አለች። በሳምንቱ ሀብትነሽ ሰው ሆና ተገኘች። ያልተገኛችሁት እናንተ ናችሁ።

2ኛ. በምትኩ ስለ አፓርታማ ሽያጭ አርባ ደቂቃ ስላሳያችሁን ከልብ እናመሰግናለን። ከአልጋዋ ተነሥታ ደጅ መውጣት ላቃታት ሴት በአሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ማስጎብኘታችሁ አሳቢነታችሁን ያሳያል። ጎረቤታችን እናትነሽ፣ ምናልባት አያ ቢሆነኝ በአሳንሰሩ ይመጣ እንደሆነ ብላ እስከ መጨረሻው ጠበቀች። አምስት እሁድ ሙሉ አልመጣም።

3ኛ. ስልክ ደውዬ ነበር። አንዲት ትሑት ልጅ «በቅርቡ ይመለሳል፣ አባባ» አለችኝ። እኔ «በቅርቡ» ብዬ ማመልከቻ ብጽፍ፣ ዳኛው ቀኑን ጥቀስ ብለው ይመልሱብኛል። ቢሆንም ያችኑ «በቅርቡ» ይዤ በየሳምንቱ ለሀብትነሽ ነገርኋት። በአምስተኛው እሁድ፣ እኔ እኮ ቅርብ የለኝም፣ አለችኝ። ሰውዬው ተዝካሩ ወጣለት ወይስ አልወጣለትም? ይህችን ሳላውቅማ አልሂድ፣ አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልሁምና እንዲሁ ልጻፈው።

ዕድሜዬን የሰው ነገር ሳሳምር የኖርሁ ነኝና፣ ያን ዕለት አፓርታማውን አጠፋሁና በርጩማ ስቤ፣ በጠቆረው መስታወት ፊት ተቀምጬ መጨረሻውን እኔው ፈጠርሁላት። አዴት ያለ ወዳጄ ከአንዱ ተዋናይ ሰምቶ ነገረኝ ብዬ ዋሸኋት። ወንድምየው ተጸጸተ አልሁ፤ በጉ ታረደ፣ ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፣ ድኃው በላ ጠጣ። አያ ቢሆነኝንም ለመጨረሻ ጊዜ አስነጠሰው። ሰው ሁሉ «ይማርህ» ቢል እሱ አልመለሰም፤ የጠበቀውን አግኝቶ ሄዷልና። ሀብትነሽም፣ ሚስቱስ አላዘነችም? ብላ ጠየቀችኝ። አላዘነችም፣ መርቃ ሸኘችው አልኋት። እንደዚያ ከሆነስ ደግ ነው፣ አለችና እጄን ያዘችኝ።

ረቡዕ ጠዋት አስነጠሳት። «ይማርሽ» አልኋት። መልሷን ጠበቅሁ። እስካሁንም እየጠበቅሁ ነው።

እናንተ ግን ቃላችሁን አላጠፋችሁምና ምስጋናዬን አልነፍግም፤ የመጨረሻውን ክፍል አሳይታችኋል። የሀብትነሽ አርባ እሁድ ቀን ዋለ። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው፣ እንግዳው ከዳሱ እየበላ ሳለ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ እናትነሽ ከቤት ወጥታ ጆሮዬ ሥር፣ ጋሼ፣ ጀመረ እኮ አለችኝ። ለካስ በልማዷ ድምፁን አጥፍታ ከፍታው ኖሯል። ከባለቤቴ ተዝካር ተነሥቼ ገባሁና ቆሜ አየሁት። ቄስ ባዬም ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

በእናንተም ዘንድ በጉ ታርዷል፣ ካህናቱም መጥተዋል፤ እስከዚያ ድረስ ደህና ገምቻለሁ። ነገር ግን አያ ቢሆነኝ ከደጁ ሊወጣ ሲል ሚስቱ ጋቢውን ጎተተችና «ወዴት ነው? እኔስ ከማን ጋር ልጣላ?» አለችው። እሱም ተመልሶ ምድጃው ዳር ቁጭ አለ። ቀረ።

ክቡር ሆይ፣ ለካ መቅረትም ነበር? ይህን ባውቅ እኔ መች እሸኛት ነበር! የገደላት ልቧ እንደሆነ ሐኪሞቹ ነግረውኛል፣ እኔም አላጣሁትም። ሆኖም ሂጂ ብሎ በሩን የከፈተላት አንደበቴ ይመስለኛል፤ ይህ ነገር አያስተኛኝም። ሚስቱስ ብላ ስትጠይቀኝ ጋቢውን ያዘችው ብላት ምን ነበረበት?

የማመልከቻ ደንቡ በመጨረሻ የሚጠየቀውን ዳኝነት ማስፈር ነው። ካሳ አልጠይቅም። ከእንግዲህ ድራማ ስታቋርጡ፣ መጨረሻውን በአንዲት መስመር ከአፓርታማው ግርጌ ጻፉልን። በየቤቱ ተኝቶ የሚጠብቅ አለና፣ እንደኔ ያለ አላዋቂም በግምት እንዳይሸኘው።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለፎቆቹ ገዢን፣ ለአሳንሰሩ መብራትን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ከበርጩማው የማይጠፋው ተመልካችዎ፣
ይርሳው ጋሹ
ፍኖተ ሰላም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኛል፤ ባስነጠሰኝ ቁጥር ቤቱ ዝም ይላል። ቢሆንም እኔ ምርቃት አልነፍግምና፣ ጣቢያችሁን እግዜር ይማረው። ለማስነጠሱ ይሁን፣ ለሕመሙ ይሁን፣ ወይስ ለነፍሱ፣ እንደሚስማማችሁ አድርጋችሁ ውሰዱት፤ አሜን የምትልላችሁ ግን ሄዳለች።