በአባትሽ ጫማ ስሮጥ

ልጄ፣ አምላክ ደምሽን ያጥራልሽ፤ ያንን ሳቅሽን ይመልስልሽ።

አባትሽ ለሕክምና ይዞሽ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥ እጄ እምቢ ይለኛል። አትሳቂብኝና፣ ጠዋት ጠዋት አባትሽ ትቶት የሄደውን የስፖርት ጫማ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፌ አድርጌ፣ ኳስ ሜዳውን እየዞርኩ እሮጣለሁ።

ትናንት የሜዳው ዘበኛ «እትዬ፣ ማን እያባረረዎት ነው?» አለኝ። ስቄ ላልፍ ስል እንባዬ ቀደመኝ።

«ልጄ ታማብኝ ነው» አልኩት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እሱም ሌላ ሳይጠይቀኝ፣ ሮጬ እስክጨርስ በሩን ይዞ ጠበቀኝ።

ባለፈው በስልክ አባትሽ «ስታቃስት አደረች» ሲለኝ፣ አንቺ ግን «ደህና ነኝ እማ» አልሽኝ። አደራሽን፣ ሲያምሽ አመመኝ በይኝ። እኔ እንደሆነ ጭንቀቴን ሮጬ አወጣዋለሁ።

ምሕረቱን ያፍጥንልሽ።

እናትሽ