ቀሪ ተብላ ስለተመዘገበችው ነርስ

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ ታመንም ቢሆን ጤና ጣቢያዎ ድረስ ሄደን በሩን አይተን ለመመለስ አቅም ስላላነሰን ደህና ነን ማለት ይቻላል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ስኳር ስላለባት፣ በግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል በየሁለት ቀኑ እንዲታጠብና እንዲታሸግ ታዝዞላት ነበር። ይህን የምታደርግልን አንዲት ነርስ ነበረች፤ እጇ ከመቅለሉ የተነሣ ባለቤቴ ቁስሏ እየታጠበ ታንቀላፋ ነበር። ባለፈው ወር ግን ሦስት ቀጠሮ በተከታታይ ክፍሉ ተቆልፎ ጠበቀን። ዘበኛውን ብጠይቀው «ቀርታለች» አለኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ፣ «የቀረ ሠራተኛ ካለ ይክሰሱ» ብለው ግድግዳው ላይ ባስለጠፉት ማሳሰቢያ መሠረት የክስ ማመልከቻ ጽፌ ፈረምኩ። ስለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በዝርዝር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ክሴን በሁለት ቀን ውስጥ ፈጽመው ለነርሷ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለጻፉላት እጅ እነሣለሁ። ጤና ጣቢያው ጓንት ከጠየቀ ስምንት ወር ሆኖት «ሂደት ላይ ነው» ሲባል ስለምሰማ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ እንዲህ ፈጣን መሆኑን አላውቅም ነበር።

፪. ሠራተኛ እንዳይቀር ስላስተከሉት የጣት አሻራ መሣሪያም አመሰግናለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር እሱም ይቀራል፤ ማስጠንቀቂያ ግን የተጻፈበት አይመስለኝም።

፫. ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ክሱን ባስገባሁ በሳምንቱ ባለቤቴ ትኩሳት ይዟት እዚያው ጤና ጣቢያ ተኝታ እንድትታከም ታዘዘ። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ የተኛችው ያችው ነርስ ነበረች። እኔ ቆሜ ካንኳኳሁት በር ሦስት በር አልፎ ማለት ነው። ሁለቱ አዋላጆች ከለቀቁ ወዲህ የእነሱንም ሥራ ደርባ ስትሠራ፣ ያለ ጓንት በባዶ እጇ እያዋለደች ሳለ መርፌ ወግቷት ጉበቷ መታመሙን ጽዳት ሠራተኛዋ ነገረችኝ። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከትራሷ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል።

ስታየኝ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «አባባ፣ ቁስሉን ማን አጠበላቸው?» ነው።

«ማንም፤ የከሰስኩሽም እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ እርስዎን ብሆን እኔም እከስ ነበር» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በዕድሜዬ ብዙ ጨርቅ አበላሽቼ ካሣ ከፍያለሁ፤ እንዲህ ግን አፍሬ አላውቅም። በማግስቱ ክሴን ላነሣ ጽሕፈት ቤትዎ ብመጣ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም «ክስ ይገባል እንጂ አይወጣም» ብለው አሰናበቱኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል ተልካ ጣቷ ተቆረጠ። ነርሷም ስትድን መልቀቂያዋን አስገብታ ሄደች። ጎረቤት ሁሉ «ሰነፍ ናት» ሲላት አፌን ዘግቼ የነበርኩ ሰው፣ አሁን በየቤቱ እየዞርኩ እውነቱን እናገራለሁ፤ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው።

፬. የዚህን ወር ሪፖርትዎን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበብኩ። የቀሪ ሠራተኛ ቁጥር ቀንሷል ይላል። እውነት ነው፤ የለቀቀ ሰው ቀሪ አይባልም። እንኳን ደስ ያለዎ።

ከወንበርዎ ሳይነቃነቁ፣ ከጉንፋን እንኳ ተጠብቀው ረጅም ዕድሜ እንዲያገለግሉን የሚመኝልዎ፣

ታዛዥዎና ከሳሽ የነበረው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ላስረክብ ሦስት ጊዜ መጥቼ ቢሮዎን ተቆልፎ አገኘሁት። አልከሰስኩም። ምናልባት ታመው ይሆናል ብዬ፣ መጀመሪያ ሕሙማን የሚተኙበትን ክፍል አልጋ በአልጋ ዞሬ ፈለግኩዎ፤ እዚያም የሉም።