የአቶ ልደቱ የማርያምወርቅ ዕረፍትና የፊታችን እሑድ የእንጦጦ ቁልቁለት ጉዞ

የየካ የቆዩ መኪኖች ባለቤቶች ማኅበር መሥራች አባሉንና የቴክኒክ ኃላፊውን አቶ ልደቱ የማርያምወርቅን በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ አጥቷል። በእኚህ ሰው ሞት የተሰማን ሐዘን ጥልቅ ነው። ይህን የምንለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ስለሚለው አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናውን አስነስቶ ከግቢው ያወጣ አባል እጅግ ጥቂት ነው፤ ያወጣውም ቁልቁለት ሲያይ መንገድ ይቀይራል።

ይህ መግለጫ የሚወጣው በአርባቸው ሰሞን ነው። ለምን እንደዘገየ በሲ.ኤም.ሲ አካባቢ የሚወራው ወሬ ለኮሚቴው ደርሶታል። ዝም ያልነው የምንለው ጠፍቶን ወይም ፈርተን አይደለም፤ መኪናቸው ተጠግና እስክታልቅ ስንጠብቅ ነው። አሁን አልቃለች። የፊታችን እሑድ በሚደረገው የመታሰቢያ ጉዞ ልጃቸው ወ/ሪት ሀይማኖት ልደቱ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ታች ይነዷታል። አባላትም ሆኑ የአካባቢው ነዋሪዎች የሚከተለውን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡ እንጠይቃለን።

አቶ ልደቱ ተወልደው ያደጉት እዚሁ የካ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመሬት ቅየሳ ሙያ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው በጡረታ ተገልለዋል። ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ዘውድነሽ ገመዳ አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ከሥራቸውና ከቤተሰባቸው የተረፈውን ጊዜ የወሰደችው አንዲት ቀይ መኪና ነበረች።

በ1998 ዓ.ም. ላምበረት ከሚገኝ አንድ ጋራዥ ጓሮ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር ጣሊያን ሠራሽ ስፖርት መኪና ገዙ። ሞተሯ አይዞርም፤ ጎማ የላትም፤ ወንበሯ ላይ ዶሮ ያድር ነበር። በጭነት መኪና ተጭና ቤት ስትገባ ወ/ሮ ዘውድነሽ ለጎረቤት የተናገሩት እስከ ዛሬ በማኅበራችን ይነገራል። «ዶሮዎቹን ቢያመጣልኝ ይሻል ነበር፤ እነሱስ እንቁላል ይጥላሉ» ነው ያሉት። አቶ ልደቱ ግን ብረቷን አስበየዱ፣ ወንበሯን በቆዳ አስለበሱ፣ ባለ ሽቦ ቸርኬዎቿን አንድ በአንድ አስወለወሉ። ሠርተው ለመጨረስ ዓመታት ፈጀባቸው።

በ2003 ዓ.ም. ማኅበራችን ሲመሠረት ከፊት ከነበሩት አንዱ ናቸው። ዛሬ የታወቅንበትን ወግ ያስጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በጥቅምት አንድ እሑድ፣ የአባላት መኪኖች እንጦጦ ማርያም ወጥተው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ይሰለፋሉ። ከዚያ በየካ በኩል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ተከታትለው ይወርዳሉ። በዕድሜ የምትበልጠው መኪና ትመራለች። እሷን ማለፍ ክልክል ነው። እሷም እስከ ታች አትቆምም፤ ድንገት ብትቆም ከኋላ ያሉት አሮጌዎች መቆም ስለመቻላቸው ማንም ዋስትና አይሰጥም። በየመታጠፊያው መሪዋ ክላክስ ትነፋለች፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይመልሱላታል። የዳገቱ ሰው ይህን ድምፅ ይወደዋል፤ ሲሰማ ከየአጥሩ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። ወጉ ከተጀመረ አንስቶ የምትመራው የአቶ ልደቱ መኪና ነበረች።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በቴክኒክ ኃላፊነት አገልግለዋል። በማኅበራችን ውስጥ የእሳቸው እጅ ያልነካት መኪና የለችም። ካርቡሬተር ሲያጸዱም ሆነ ፍሪሲዮን ሲቀይሩ ግን አንድ አመል ነበራቸው። የመኪናው ባለቤት አጠገባቸው ቆሞ መብራት ካልያዘ መፍቻ አያነሱም። «የምትነዳውን ነገር ሆዱን እየው» ይሉ ነበር። ብዙዎቻችን ስለ መኪናችን የምናውቀውን ያህል ያወቅነው በዚህ ግዳጅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የመኪናዋ የድሮ ሞተር ዳገቱን መቋቋም አቃተው። የእንጦጦን መንገድ ሳታጋምስ ውኃ እያፈላች መቆም ጀመረች፤ መሪ መኪና ተገፍታ መውጣቷም ለሁላችንም ውርደት ሆነ። ጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶ ደንቡን አሻሻለ። ከኮፈን ሥር ያለው ዕቃ ለዓይን ስለማይታይ ሊቀየር ይችላል፤ ከውጭ የሚታየው ሁሉ ግን መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረው መቆየት አለበት። አቶ ልደቱ በዚህ ፈቃድ መሠረት ከአዲስ ዘመን መኪና የተወሰደ ኃይለኛ ሞተር ከነማርሹ ገጠሙ። ዳገቱን አንዴም ሳታነጥስ ወጣችው። የዚያን ቀን እንደ ልጅ ነው የጨፈርነው።

መውጣቱን ያቀለለው ሞተር መውረዱን አከበደው። አዲሱ ሞተር ከበድ ያለ ነው፤ ማርሹም ለሜዳ መንገድ የተሠራ በመሆኑ በቁልቁለት እንደ ድሮው አድርጎ አይዝም። ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ወደቀ። ፍሬኑ ደግሞ የጥንቱ፣ ታምቡር ውስጥ በሸራ የሚይዘው ነው። እንዲህ ያለው ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ሲግል መያዙን እንደሚያቆም የነገሩን ራሳቸው አቶ ልደቱ ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. የፊት እግሮቿ ላይ በቁልቁለት ቶሎ የማይግል ዲስክ ፍሬን እንዲገጥሙ ጉባኤውን ጠየቁ። ዲስኩ በቸርኬው ሽቦ መሃል ለመንገደኛ ሁሉ የሚታይ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። በ2014 ዓ.ም. በድጋሚ ጠየቁ፤ መልሱ ያው ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠይቁ፣ መኪናቸው ሁልጊዜ ሁለተኛ ሆና የምትወርደው ወ/ሮ ኩልሱም ሬድዋን ተነስተው ተናገሩ። «እኔ ከኋላቸው ነው የምወርደው። ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ የፍሬናቸው ሽታ መኪናዬ ውስጥ ይገባል። እናንተ ወደ ኋላ ስለሆናችሁ አይሸታችሁም» አሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ዓለሙ ዘመንፈስቅዱስ ሲመልሱ፣ «ዲስክ የገባላት ቀን ሌላ መኪና ናት። ሌላ መኪና ደግሞ ልትመራን አትችልም» አሉ። ከወ/ሮ ኩልሱም በቀር ሁላችንም ለተቃውሞ እጃችንን አወጣን። አቶ ልደቱ «ጉባኤው ካለ እሺ» ብለው ተቀመጡ። ለማኅበሩ ደንብ የነበራቸውን ታማኝነት በዚህ ማወቅ ይቻላል። ቦታቸውን ትተው ከመጨረሻ መውረድ ይችሉ ነበር፤ ያንን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አላነሱትም።

በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት፣ እንደ ወትሮው መርተውን ወረዱ። ከሁለተኛው መታጠፊያ ጀምሮ ክላክሳቸውን ሳያቋርጡ ይነፉ ነበር። ከኋላ የነበርነው ደስ ብሏቸው መሰለን፤ እኛም ሳናቋርጥ መለስንላቸው። ወ/ሮ ኩልሱም ብቻ ክላክስ አልነፉም፤ መብራታቸውን እያበሩና እያጠፉ ነበር፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባንም። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ የሚኖሩት ወ/ሮ በለጡ ለኮሚቴው የነገሩትን ሳንቀንስ እንጽፋለን። «ጥሩንባው ከሩቅ ይሰማል። እኛ ለሰላምታ መስሎን ወጣን። ሲቀርብ ፊቱን አየሁት፤ እኔ እጄን እያውለበለብኩለት እሱ በእጁ ዞር በሉ ይለኛል።» ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ምዕመናን የመንገዱን ዳር ሞልተውት ነበር። አቶ ልደቱ መሪውን ወደ ሌላው ጎን አዙረው ከተቆረጠው የአፈር ግድግዳ ጋር ተጋጩ። ከእሳቸው በቀር አንድም ሰው አልተጎዳም። ቀድመው የደረሱላቸው ወ/ሮ ኩልሱም ናቸው፤ የአቶ ልደቱ እስትንፋስ ያለፈው በእሳቸው እጅ ላይ ነው።

እሳቸው ለሕይወታቸው ሲጮኹ ማኅበሩ በክላክስ ሲመልስ ነበር። ይህን ራሳችን የጻፍነው ሌላ ሰው አጣሞ ከሚጽፈው ብለን ነው። ከማኅበሩ አባላት መካከል ይህን ድምፅ ሳይሰማ የሚያድር ያለ አይመስለንም።

ከቀብራቸው ማግስት ጀምሮ አባላት መኪናዋን ላምበረት ወስደው ተረባርበው ጠግነዋታል። የፊት ብረቷ ተቃንቷል፤ መስታወቷ ተተክቷል፤ ቀለሟ ያው ቀይ ነው። ፍሬኗም እንደ ነበረው ተመልሷል። ሸራው አዲስ ነው።

በደንባችን መሠረት አባል ሲሞት ወራሹ በቀጣዩ የቁልቁለት ጉዞ መኪናዋን ካልነዳ፣ መኪናዋ የመሪነት ቦታዋን ለተከታይዋ ትለቃለች። ኮሚቴው ይህንኑ ለማስረዳትና ቤተሰቡን ለማጽናናት መኖሪያ ቤታቸው ሄዶ ነበር። ወ/ሪት ሀይማኖት ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «አባዬ የገዛው ዲስክ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር አለ። ለመግጠም አንድ ቀን ይበቃል። ፍቀዱልኝና ልንዳት።»

ኮሚቴው ጥያቄያቸውን በታላቅ አክብሮት ተቀብሏል። ነገር ግን ደንብ የሚያሻሽለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ሲሆን ጉባኤው የሚሰበሰበው በጥር ነው። ጉዳዩ በአንደኛ አጀንዳነት እንደሚያዝ ለወ/ሪት ሀይማኖት አረጋግጠንላቸዋል። ወ/ሮ ዘውድነሽ ይህን ሲሰሙ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እኛ ተሰናብተን እስክንወጣም አልተመለሱም። ሐዘናቸውን እንረዳለን። የመታሰቢያው ጉዞ ወደ ጥር ቢተላለፍ ምን ይመስላችኋል ያለ የኮሚቴ አባል ነበር። አርባ አይተላለፍም ተባለና በዚያው ቀረ።

ወ/ሪት ሀይማኖት የአባታቸውን ቦታ ለማንም እንደማይለቁ አስታውቀዋል። ለመንዳትም ተስማምተዋል። አንድ ነገር ብቻ አሳስበዋል፦ «የዛን ቀን ማንም ክላክስ እንዳይነፋ። የኔ ከተሰማ ለሰላምታ አይደለም።» ይህ ደንቡን ስለማይነካ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል።

ስለሆነም አባላት እሑድ ጠዋት በሰዓቱ እንዲገኙና በጉዞው ሁሉ ክላክስ እንዳያሰሙ ይታዘዛሉ። ወ/ሮ ኩልሱም እንደ ወትሮው ሁለተኛ ሆነው ይወርዳሉ፤ ሌላ ሰው እንዲተካቸው ጠይቀን ፈቃደኛ አላገኘንም። የእንጦጦ ማርያም ምዕመናን የመጨረሻዋ መኪና እስክትወርድ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንዳይወጡ በትሕትና እንለምናለን። የቁልቁለቱ ነዋሪዎች፣ በተለይም በመጨረሻው መታጠፊያ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁንና ከብቶቻችሁን ከመንገዱ አርቁ። ለሰላምታ አትውጡ። ከአፈር ግድግዳው በኩል ያለው ዳር ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ኮሚቴው ሰው ያቆማል። ይህ ለጥንቃቄ ያህል የተወሰደ እርምጃ ስለሆነ ማንም ሌላ ትርጉም እንዳይሰጠው።

ማኅበሩ ለወ/ሮ ዘውድነሽ ገመዳ፣ ለቤተሰቡ፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና መኪናቸው በእሳቸው እጅ ዳግም ለተነሳችላቸው አባላት ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ነፍሳቸውን ፈጣሪ በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን።

ወ/ሪት ሀይማኖት ብለን የጻፍነው ለደንቡ ነው፤ እኛ የምናውቃት ገና ከአባቷ ጎን መብራት ስትይዝ ነው። ሃይሚ፣ እሑድ ሁላችንም ከኋላሽ ነን። እባክሽ ቀስ ብለሽ ውረጂልን።

የየካ የቆዩ መኪኖች ባለቤቶች ማኅበር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ