በእኔ ካርድ የታከምከው ሕመም

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለድምቡሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ሥራው፣ አየሩ፣ ጎረቤቱ ተስማምቶሃል ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ ለወግ ያህል የጠየቅኩ እንዳይመስልህ። ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?

የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። ሳሎንህ ያምራል። ሶፋው አዲስ ነው፣ መጋረጃው አዲስ ነው፣ በእጅህ የያዝከው ጠመንጃም አዲስ ነው። ከሥሩ «የመንግሥትን የመሣሪያ ፈቃድ ማጣሪያ በአንድ ጠዋት አለፍኩ፤ ንጹሕ ነህ አሉኝ» ብለህ ጽፈሃል። ሳነበው ደሜ ፈላ። አንተ ንጹሕ ሆነህ ያለፍከው እኔ ቆሽሼልህ እንደሆነ ለማን ልንገር? ስልክ ብደውል ትዘጋብኛለህ፤ ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁብህ።

ባለፈው ወር የመሣሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ነበር። እንደምታውቀው የመጋዘኑን የፊት በር በሽጉጥ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ያለ ፈቃድ ሥራ የለኝም። የፈቃድ ቢሮዋ ሴትዮ ስሜን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከታ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አእምሮህን ታመህ ሆስፒታል ተኝተህ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ራቅ አለ። ጉንፋን እንኳ በወጉ ይዞኝ አያውቅም ብላትም አልሰማችኝም። ሽጉጡን እዚያው ተቀበሉኝ፤ ባዶ ቀበቶ ታጥቄ ወጣሁ።

በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሄድኩ። ካርድ አውጪውን በመስኮቱ በኩል እንደ ጉድ ጮህኩበት። የሰው ሕመም የባለቤቱ ነው፣ ለሐኪም የተነገረ ነገር በምን ሥልጣናችሁ ነው ለመሣሪያ ቢሮ የሚደርሰው፣ አካሚዎች ናችሁ ወይስ ሰላዮች፣ አልኩት። እሱም ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ፣ መንግሥት መሣሪያ ስለሚይዝ ሰው ሲጠይቃቸው እንዲመልሱ የታዘዙ መሆናቸውን ነገረኝ። ስህተት ካለ ግን ያኔ የተኛው ሰው ማን እንደነበር ጽፌ ባመለክት ይታረማል አለኝ። ስምህን ሳልጽፍ ወጣሁ። ለካ አህያውን ፈርቼ ዳውላውን ነበር የምደበድበው!

መቼም የታመምክበትን ጊዜ አልረሳኸውም። ያን ጊዜ አንተ ሥራ አልነበረህም፤ እኔን መሥሪያ ቤቴ ያሳክመኝ ነበር። ጣራው ላይ ሰዎች አሉ እያልክ የወጥ ቤቱን ቢላ ይዘህ ከበሩ ኋላ ቆመህ ታነጋ ነበር። እማዬ ውሃ ልትጠጣ የተነሳች ቀን ክንዷ ላይ ያሳረፍክባት ጠባሳ ዛሬም አለ። መላውን የዘየደችውም እሷው ናት። «ሁለታችሁም የኔው ልጆች ናችሁ፤ መልካችሁም አንድ ነው። በወንድምህ ካርድ ታከም፤ ነገ አብዶ ነበር ብለው ሚስት እንዳይነፍጉህ» አለች። የሕክምና መታወቂያዬን ሰጠሁህ። በእኔ ስም ተኛህ፣ በእኔ ስም ክኒን ዋጥክ፣ በእኔ ስም ዳንክ። ሚስትም አገባህ። አልቆጨኝም ነበር፤ ወንድም ለወንድሙ ደሙን ይሰጥ የለ እንዴ፣ ስም ምን አላት!

አሁን የመኪና መግቢያ በር ከፋች አድርገውኛል። ከሽጉጥ ወደ ፊሽካ ወረድኩ። የሥራ ጓደኞቼ «አባ ክኒን» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ ምሳ ስንበላ ሹካውን ከፊቴ ያነሱና በማንኪያ ብላ ይሉኛል። እስቃለሁ እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ባለቤትህ በቀደም ደውላልኝ ነበር። እንቅልፍ እንደራቀህ፣ የዘጋኸውን በር ተመላልሰህ እንደምታየው፣ ጎረቤቶች ያዳምጡናል እያልክ ሬዲዮ ከፍተህ እንደምታወራ ነገረችኝ። የሥራ ብዛት ይሆን ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ምስኪን፣ ምን ታውቅ! እኔ ግን አውቃለሁ። ያኔም በበር ነው የጀመረህ። ሐኪሙ እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ተመለስ ያለው ለግድግዳው ነበር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አንተ ጭራሽ ጠመንጃ አገኘህበት። ጥይቱን ከቤት እንድታወጣ ነግሬያታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ጥይትህን ካጣኸው እኔን ውቀስ። ያኔ የያዝከው ቢላ ነበር። ዛሬ ጠመንጃ ይዘሃል፤ ውሃ ልትጠጣ የምትነሳው ደግሞ ልጅህ ናት።

ስለዚህ አስረክብ። ይህ ደብዳቤ እጅህ እንደገባ፣ ዛሬ ነገ ሳትል ለፖሊስ አስረክበህ የተቀበሉህበትን ወረቀት ላክልኝ። ከዚያ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ በራስህ ስም። እምቢ ካልክ ሁሉን ነገር ለባለቤትህ አፍረጥርጬ እነግራታለሁ። ከዚያም ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆሜ ያኔ የተኛው ማን እንደሆነ ስምህን አስፍሬ እፈርማለሁ። ያን ሰውዬ ሰላይ ብዬ ሰድቤዋለሁ፤ አንተም እኔን ስደበኝ። ስድብህን እችለዋለሁ፤ ለልጅህ ለቅሶ መቀመጥ ግን አልችልም።

ካስረከብክ አንድ ቃል አይወጣኝም። ሕመሙ በእኔ ስም ይቅር፣ አባ ክኒን ብለው ይቅበሩኝ።

እማዬ ትስምሃለች። ስለ ጠመንጃው አታውቅም፤ ስምህ በተነሳ ቁጥር የምትጠይቀው ይተኛል ወይ ብላ ብቻ ነው። ባለቤቴና ልጆቼ ናፍቀውሃል። ባለቤትህን አይዞሽ፣ ወንድምሽ አለሁ ብሎሻል በልልኝ። ትልቁን ልጅህን ጉንጩን፣ ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። እስክታስረክብ ድረስ ደግሞ ለትንሿ ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀምጥላት፤ እንዳትነሳ።

ታላቅ ወንድምህ
ከመጋዘኑ የመኪና መግቢያ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ